አራት ቀን ግልገል ግቤ ዳር፦ በሦስተኛው ጉዞ ወሩ ገጠመልኝ

ተወልጄ ያደግሁት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። ለሥራ ጅማ ከመጣሁ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ጅማን እወዳታለሁ፤ ቡናዋንም፣ ጥላዋንም፣ ሰዋንም። የጎደለኝ ውሃ ዳር ተቀምጦ መንጠቆ መጣል ብቻ ነበር። በአዲስ አበባው መንገድ ላይ የግልገል ግቤ ግድብ ያቆመው ሰፊ ውሃ እንዳለ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣም እንደሚወጣበት ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሁለት ጊዜ ሄጄ ግን ሁለቴም ባዶ እጄን ተመለስኩ።

የመጀመሪያው በነሐሴ ነበር። የዓመት ፈቃዴ ፍልሰታ ላይ ስለወጣልኝ ተነስቼ ሄድኩ። ከአሰንዳቦ ወደ ውሃው የሚወስደው መንገድ ጭቃ ሆኖ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጣለን። ስንደርስ ደግሞ ውሃው ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ ጠበቀን፤ በዚያ ድፍርስ ውስጥ ዓሣ ትሉን በምን ዓይኑ ይየው? ሁለተኛው በግንቦት ነበር። ያን ጊዜ ውሃው ርቆ ሸሽቶ፣ እሱ ጋ ለመድረስ እስከ ጉልበት በሚውጥ ደለል ላይ መሄድ ነበረብን። በሁለቱም ጊዜ የእረፍት ቀኔን ቆጥሬ ወጣሁ እንጂ የውሃውን ሁኔታ ማንንም አልጠየቅሁም።

ዘንድሮ በጥቅምት፣ በግንቦቱ ጉዞ ለተዋወቅሁት አስጋሪ ደወልኩለት። ዕድሜው ሃምሳ የሚሆን፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። «አሁን ውሃው ሙሉ ነው፤ ዓሣው ሣር ውስጥ ተበትኗል። ኅዳር ላይ ደግሞ ልጆቹ ሁሉ አጨዳና ውቂያ ላይ ናቸው፤ ጀልባ የሚቀዝፍልህ አታገኝም። የታኅሣሥን እኩሌታ ተሻገርና ና» አለኝ። አለቃዬን ለምኜ ሁለት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ፤ ቅዳሜና እሑድ ሲጨመር አራት ቀን ሆነ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ቦዬ፣ ሰርቦ፣ አሰንዳቦ

አብሮኝ የሄደው የሥራ ባልደረባዬ ነው። የገና ጾም ላይ ስለነበር ዓሣ አይበላም፤ ማጥመዱን ግን ከእኔ እኩል ይወደዋል። ከጠዋቱ 1፡30 ባጃጅ ይዘን መጀመሪያ ቦዬ ወረድን። ቦዬ ከከተማው መውጫ ላይ ያለ ረግረግ ነው፤ ጉማሬ የሚያይ ሰው ከጅማ ርቆ መሄድ የለበትም። እዚያ መንጠቆ አልጥልም። የከተማው እጣቢ ከነአዌቱ ወንዝ ተጠራርጎ የሚወርድበት ውሃ ስለሆነ ከዚያ የወጣ ዓሣ ለልጆቼ ማብላት አልፈልግም። የቆምኩት የውሃውን ከፍታ ለማየት ነበር፤ ይህ ውሃ መጨረሻው ግልገል ግቤ ነውና። በነሐሴ ሣሩን ውጦት የነበረው አሁን ወደ መሐል ተሰብስቦ፣ ዳር ዳሩን ሽመላዎች በጭቃው ላይ ይለቅሙ ነበር። ምልክቱን ወደድኩት።

ከዋናው መንገድ ሚኒባስ አስቆምን። እስከ አሰንዳቦ ለሰው 150 ብር፣ የማጥመጃ ሸምበቆዎቻችን ጣራ ላይ ስለታሰሩ ደግሞ 50 ብር ተጨመረብን። ሰርቦን አልፈን ብዙ ሳንሄድ የኋላ ጎማው ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማም ነፋስ አልነበረውም። ረዳቱ ጎማውን በሌላ መኪና ይዞ ወደ ሰርቦ ተመለሰ፤ እኛ አንድ ሰዓት ያህል መንገድ ዳር ቀረን።

ያቺ ሰዓት ግን ጠቀመችን። ከመንገዱ በታች አንድ ግቢ ነበር፤ ደጁ ላይ በእንጨት አልጋ የተሰጣ ቡና፣ ገሚሱ እንደቀላ ገሚሱ ጠቁሮ ደርቆ፤ ጓሮው እንሰት ነው። በበጋ ትል ማግኘት ከባድ ነው፤ መሬቱ ሲደርቅ ወደ ታች ይገባል። እንሰት ሥር ግን እርጥበት አይጠፋም። የቤቱን እመቤት «እናቴ፣ ለዓሣ የሚሆን ትል ብንቆፍር ይፈቅዱልናል?» አልናቸው። ሳቁና አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ዶማ አስይዘው ላኩልን። ልጁ እንሰቱን እንዳይነካ እየተጠነቀቀ፣ የበሰበሰውን ቅጠል በእጁ ገለጥ እያደረገ፣ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሯችንን ሞላልን። 50 ብር ስሰጠው እናቱን ዞር ብሎ አያቸው፤ እሳቸው በራሳቸው ምልክት ሲሰጡት ነው የተቀበለው። ቡና ካልጠጣችሁ አትሄዱም ብለውን ነበር፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ ስኒውን ቆመን ጨረስነው። ጨው የገባበት ቡና ነበር። ዝዋይ እያለሁ በስኳር ካልሆነ አልጠጣም ነበር፤ ዛሬ የጨዉ ይበልጥብኛል።

አሰንዳቦ ለምሳ ደረስን። ሽሮ በአቮካዶ 120 ብር፣ አልጋ 350 ብር። አልጋው ንጹሕ ነው፤ አጎበሩ ግን ቀዳዳ ስለነበረው ከቤት ያመጣሁትን ሰቀልኩ። እዚህ ላይ ለሚሄድ ሰው የምለው አለኝ። ክረምቱ ወጥቶ ውሃ በየጉድጓዱ ሲቋጥር ወባ ይነሳል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ክፉው ነው። ለማጥመድ የሚመቸው ወርና ለወባ የሚመቸው ወር ጫፍና ጫፋቸው ይነካካል። ጥር ላይ የሚሄድ ሰው ከዚህ በኩል ትንሽ ይሻለዋል። ቢሆንም አጎበርና እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ሳይዙ ውሃ ዳር ማምሸት አይገባም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 18፤ ውሃው ዳር

ከአሰንዳቦ በሞተር፣ ለአንድ ሰው 100 ብር ከፍለን ወረድን። በነሐሴ ሁለት ጊዜ የወደቅንበት መንገድ አሁን አቧራ ነው። መረሬው ደርቆ ስንጥቅጥቅ ብሏል፤ በግራና በቀኝ የጤፍ ክምር፣ ራቅ ብሎ ደግሞ በሬዎች ሲያበራዩ ይታያሉ።

ጋሼ ውሃው ዳር ቆሞ ጠበቀን። ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ ከውሃው ላይ እንፋሎት ይነሳል። ዝዋይ ልጆች ሆነን ጎህ ሳይቀድ ነበር የምንወጣው፤ ለእኔ ዓሣ ማለት ንጋት ነው። 12፡30 ላይ ሸምበቆዬን ጣልኩ። ጋሼ ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ማንደድ ጀመረ። «አትቸኩል፤ ፀሐይ ትምጣ» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረም።

1፡30 ሆነ፤ 2፡30 ሆነ፤ ምንም የለም። ከበቆሎ ቆረቆንዳ የሠራሁት ተንሳፋፊ ውሃው ላይ እንደ ተለጠፈ ቀረ። ሦስት ሰዓት ገደማ ወደ እሳቱ ተመለስኩና ጋሼን ምክንያቱን ጠየቅሁት። ቆሮሶ ሙቅ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው። የበጋው ሌሊት ብርድ ዳር ዳሩን ስለሚያቀዘቅዘው ራቅ ብሎ ጥልቁ ውስጥ ፈዞ ያድራል፤ ፀሐይ ዳሩን ካሞቀች በኋላ ሊበላ ይመጣል። በሚያዝያ ቢሆን ሌሊቱም ስለሚሞቅ ንጋቱ ጥሩ ነው። አምባዛ ከፈለግህ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ የሌሊት ዓሣ ነው፣ ሲመሽ ትልቅ መንጠቆ ከታች ማሳደር ነው። አንዱ ውሃ፣ አንዱ ወር፣ ግን ለየዓሣው ሰዓቱ የተለያየ ነው። «ዓሣ መብላት በብልሃት» የሚባለው ስለ እሾሁ ይመስለኝ ነበር፤ ጋሼን ከሰማሁት በኋላ ማጥመዱም የሚጨመርበት ሆኖ ታየኝ።

እስከዚያው ድረስ አንድ ነገር አደረግን። ከቀርከሃ አንድ ካስማ ጠርቤ፣ ጫፏ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬ፣ ልክ ውሃው መሬቱን በሚነካበት ተከልኳት። ዝዋይ ሐይቅ ከዓመት ዓመት ቢወርድም ቢወጣም ዳሩ የት እንዳለ ይታወቃል። ይህኛው ግን ሰው ያቆመው ውሃ ነው። በ1996 ዓ.ም. ማመንጨት የጀመረው ይህ 40 ሜትር ቁመት ያለው ግድብ የክረምቱን ውሃ አጠራቅሞ በጋውን ሙሉ ለተርባይን ይመግባል። ጉልበቱ 184 ሜጋ ዋት ነው፤ ከዚያም ያው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ ሄዶ ሁለተኛውን ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። እኛ ጅማ መብራት ስናበራ ይህ ዳር ትንሽ ይሸሻል ማለት ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ ሣር ውስጥ ይተኛል፤ ግንቦት ላይ ደለሉን ገልጦ ይሄዳል። ዓሣውም ተከትሎት ይሄዳል። ስለዚህ የዛሬ ወር «የባለፈው ቦታዬ» ብሎ የሚመጣ ሰው ሣር ላይ ነው የሚቀመጠው።

አራት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ጀርባዬን ማሞቅ ጀመረች። ቆረቆንዳው አንዴ ነዘር አለ፣ ቆመ፣ ደግሞ ሁለቴ ነዘር አለ። ቆሮሶ እንደ አምባዛ መንትፎ አይሄድም፤ ይለቅማል፣ ይቀምሳል፣ ይተፋል። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። ቆረቆንዳው ዘመም ብሎ ወደ ጎን ሸርተት ሲል ነው ሸምበቆውን ያነሳሁት። የመዳፌን ስፋት የሚያህል፣ ደረቱ ቀላ ያለ፣ ክንፉን እንደ ማበጠሪያ ያቆመ ቆሮሶ ወጣ። ባልደረባዬ አቅፎኝ ዘለለ። ከሁለት ጉዞና ከሦስት ሰዓት ብርድ በኋላ የወጣ ዓሣ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ እጄ ላይ አየሁት።

እስከ ስምንት ሰዓት ሁለታችን 14 ዓሣ አወጣን። አምስት መንጠቆም ጠፋብን፤ ውሃው ሥር የቀሩ የድሮ ዛፎች ጉቶ እየያዘ ያስቀራል። መለዋወጫ መንጠቆ ከጅማ በብዛት መያዝ ያስፈልጋል፤ አሰንዳቦ ሁለት ሱቅ ጠይቄ ያገኘሁት ለቆሮሶ አፍ የማይሆን ትልቁን ብቻ ነው።

ማታ ጋሼ ቤት አደርን። ባለቤቱ ዓሣውን ቅርፊቱን አንስተው፣ ጎን ጎኑን በቢላ ሰንጥቀው፣ ጨውና የተወቀጠ ቃሪያ አሽተው ፍም ላይ ጣሉት፤ ከበቆሎ ቂጣ ጋር ቀረበ። ለባልደረባዬ ለብቻው የባቄላ ወጥ ሠርተውለት ነበር። ቤቱ የሙስሊም ቤት ነው፤ ሳይነግራቸው፣ ዓርብ መሆኑንም ጾም መሆኑንም አስበው ነው። ዝዋይ ዓሣ በዘይት ሲንቦገቦግ ነው የምናውቀው። እንዲህ በፍም የተጠበሰውን ከበላሁ በኋላ ግን የዘይቱን የማስበው አይመስለኝም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19፤ ወንዙ የሚገባበት

ጋሼ በጀልባ ወደ ላይ፣ ወንዙ ወደ ግድቡ ውሃ ወደሚገባበት ወሰደን። ለቀዛፊው ልጅ 600 ብር ተስማማን። ጋሼ መረቡን በመንገድ ላይ አነሳ፤ ዓይኑ ሰፊ ነው፣ አራት ጣቴ ይገባበታል። ጠባብ ዓይን ያለው መረብ የሚጥሉ ጎረቤቶች እንዳሉ ሲነግረን ድምፁ ተለወጠ። እኔም በግንቦት ያየሁትን ለመጀመሪያ ጊዜ አወራሁለት።

በዚያ በደለሉ ጉዞ አንዲት ቆሮሶ ብቻ ነበር ያወጣሁት። ከመንጠቆው ላላቅቃት አፏን ስከፍት ከውስጥ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ጫጩቶች እጄ ላይ ፈሰሱ፤ ዓይናቸው ጥቁር ነጥብ ነው፣ ጭራቸው ይንቀጠቀጣል። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍል፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲሰማቸው ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ቶሎ ብዬ ከነልጆቿ ውሃው ውስጥ ጨመርኳቸው፤ ስንቶቹ እንደተረፉ አላውቅም። ያን ቀን ነው ግንቦትን ከዓሣ ወሮቼ ያስወጣሁት።

ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። ዝናቡ ሲጀምር ወንዱ ዳር ላይ በአፉ አሸዋ እየቆፈረ ጎጆ ይሠራል፤ ነጭ ዓሣ የሚባለው ደግሞ ክረምት ሲገባ ወንዙን ሽቅብ ይወጣል፣ እንቁላሉን ጠጠር ላይ ለመጣል፤ አምባዛው ጎርፍ በተኛበት ሣር ውስጥ ይገባል። ሦስቱም በዚያ ጊዜ ለመያዝ ቀላል ናቸው፣ ቦታቸው ይታወቃልና። «ቀላል የሆነው ለዚያ ነው መተው ያለበት» አለ። እሱ ከሰኔ እስከ ነሐሴ መረቡን ሰቅሎ በቆሎ ይኮተኩታል። ለሁሉም ሰው ይህ አይሆንለትም፤ ማሳ የሌለው ወጣት ክረምቱን ምን ይብላ? ስለዚህ ጉዳዩ ጠባብ መረብ የጣለውን ልጅ በመውቀስ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ለመዝናናት የሚሄድ እንደ እኔ ያለ ሰው ግን ምንም ምክንያት የለውም። ደመወዝ አለን፤ ሌላ ወር አለን።

ወንዙ አፍ ላይ ዳሩ ብርብራ ነው። በጅማ ገጠር ቡና የሚያጠላ ዛፍ ነው፤ ዘሩ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣን ያፈዛል። አባቶች በበጋ ውሃው ሲቀንስ ከወንዝ ጉድጓድ እንዲህ ይለቅሙ ነበር። ትልቁንም ትንሹንም አይለይም። በመርዝ ዓሣ መያዝ ዛሬ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። ቀዛፊው ልጅ ግን ስለ አዋጁ ሰምቶ አያውቅም። ዘሩን አንስቶ በጣቱ እየፈረከሰ «አያቴ ነው ያሳየኝ» አለን።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ነጭ ዓሣ አወጣን፤ ትልቁ አንድ ኪሎ ይሆናል። ኃይለኛ ነው፣ ሸምበቆዬን ከጫፉ ሰበረው። 11 ሰዓት ሲሆን ከጀልባው ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ጉማሬ ትንፋሹን ለቀቀ። ልጁ አንዲት ቃል ሳይናገር መቅዘፊያውን ገልብጦ ወደ ዳር ገሰገሰ። ደመቅ ያለ ሐሜት ስናወራ የነበርን ሰዎች መሬት እስክንረግጥ ድረስ ጸጥ አልን። ለካ ሲመሽ ለግጦሽ የሚወጣበት መንገድ ላይ ነበርን። ወደዚያ የሚሄድ ሰው፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳያልፍ ከውሃው ይውጣ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20፤ ወደ ጅማ

የቅዳሜዎቹን ዓሦች ጋሼ ማታውኑ ሆዳቸውን አጽድቶ፣ ጨው ነስንሶ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ለነፋስ ሰቅሎልኝ ነበር። በታኅሣሥ ብርድ እንዲህ ሆኖ ሌሊቱን ያድራል፤ በመጋቢት ሙቀት አይሞከርም። ከጅማ በረዶ አድርጌ ያመጣኋቸው የውሃ ጠርሙሶች ዓርብ ማታ ቀልጠው አልቀዋል፤ አሰንዳቦም በረዶ የሚሸጥ አላገኘሁም።

ከጋሼ መረብ የወጣውን ቆሮሶ ጨምሬ ገዛሁ፤ አንድ ኪሎ 180 ብር። ጅማ ስገባ ለማወዳደር አንድ ቤት ጠየቅሁ፤ 320 ብር አሉኝ። ጾም ስለሆነ ፈላጊው በዝቷል፤ ሁዳዴ ሲገባ ከዚህም ይወደዳል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየቤቱ አለ፤ ገበያው ግን የሚበሉትን ተከትሎ ይነሳል። በዚያ ሰሞን ውሃው ዳር መረብ ስለሚበዛም እኔ ለመዝናናት የምሄድበትን ቀን ከሁዳዴ በፊት ማድረግ መርጫለሁ።

ለሁለታችን የአራቱ ቀን ወጪ መንገድ፣ አልጋ፣ ምግብ፣ ጀልባና ለጋሼ ቤት የሰጠነው ተደምሮ 3,900 ብር ሆነ። ባለቤቴ ነጭ ዓሣውን እሾሁን ለቅማ ዱለት አደረገችው፤ ልጆቼ ቆሮሶውን ተሻሙበት።

ባለፈው ማክሰኞ ጋሼ ደወለ። ወደ ካስማዋ ሄዶ ለክቶልኛል። ከውሃው 34 እርምጃ ርቃለች፤ ቀዩን ጨርቅ እረኞች ወስደውታል። «አዲሱ ዳር ላይ ሌላ ተክያለሁ» አለኝ። «ጉቶ የሌለበት ቦታ ነው፤ ውቂያውም አልቋል። ጥር 23 ላይ ና፤ ትንንሹን መንጠቆ ለእኔም ያዝልኝ።»